የንጉሡ ወታደር ወንዝ ማዶ

ዌልደን ጋውንስ ዕድሜውን ሙሉ አሜሪካኖችን "አመፀኞቹ" እያለ ነው የኖረው። ጎረቤቶቹ ለርካሽ ነዳጅና ለአይብ ወደ አሜሪካ የሚያሻግረውን የሴንት ክሮይ ወንዝ ድልድይ ሲሻገሩ፣ እሱ በካናዳ በኩል ቆሞ "ሂዱ፣ እናንተ ከሃዲዎች!" ይላቸዋል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚደርስበት አያቱ ኤልናታን በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ለእንግሊዝ ንጉሥ ተዋግቶ፣ ንጉሡ ሲሸነፍ አገሩን ጥሎ ወዲህ የፈለሰ ወታደር ነበራ!

ዘንድሮ ለንጉሡ ታማኝ ሆነው የተሰደዱት በሚታሰቡበት በታማኞች ቀን ሰልፍ ባንዲራ ያዥ ሆኖ ተመረጠ። ሰልፉን የሚያዘጋጀው ማኅበር ግን የኤልናታንን መቃብር ፎቶ ካላመጣህ አለው። ዌልደን የወንዙን ዳር መቃብሮች ሁሉ አሰሰ። የኤልናታን ሚስት ብቻዋን ተኝታለች።

"ማዶ ነው ያለው" አለች እህቱ አርዲት። "አይብ ልገዛ ስሄድ አይቼዋለሁ።"

"ከአመፀኞቹ ጋር?"

"ንጉሡ የሰጠውን መሬት ሸጦ ተመለሰ። ሚስቱን ረስቶ።"

ዌልደን የሰልፉን ቀይ ካፖርት ለብሶ፣ ባለሦስት ማዕዘን ኮፍያውን ደፍቶ ከአርዲት ጋር ተሻገረ። ኬላ ጠባቂው ዕቃ እንዳለው ጠየቀው።

"ክብሬን ብቻ።"

"ቀረጥ የለበትም፣ ይለፉ።"

መቃብሩ ላይ ሊላክ የሚሉት ወይን ጠጅ አበባ አብቧል፤ ወንዙ ከሥር ያበራል፤ እንዴት ያለ ውበት ነው! ከድንጋዩ ፊት ግን ትንሽዬ የአሜሪካ ባንዲራ ትውለበለባለች።

"ይህን ማን ተከለው?" ብሎ ጮኸ።

የመቃብሩ ጠባቂ ወይዘሮ ለርሊን መጡ። "እኔ። ድንጋዩ 'የጦርነቱ ወታደር' ይላል፤ የማን ወገን እንደሆነ አይልም። እኛም አንጠይቅም።"

"የንጉሡ ወታደር ነው! ይንቀሉልኝ!"

"እነቅለዋለሁ፣ ጋሼ። ግን ሣር አጫጁ የሚያጭደው ባንዲራ ላለው ብቻ ነው።"

ዌልደን ጎን ያለውን መቃብር አየ። እሾህ ውጦት ስሙ እንኳ አይነበብም። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀና ፎቶው ውስጥ እንዳትታይ ባንዲራዋ ላይ ደፋው። ነፋሱ ኮፍያውን ደጋግሞ ገለበጠው፤ እሱም እያጉረመረመ ደጋግሞ ደፋው፤ በመጨረሻ ወደ ታች ሲጫነው ዘንጓ ጨርቁን በስታ ወጣች።

"ፈገግ በል እንጂ" አለች አርዲት ካሜራውን ይዛ። "አያትህን እኮ ነው ያገኘኸው።"

በሰልፉ ቀን ዌልደን የንጉሡን ባንዲራ ይዞ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ሄደ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከኮፍያው አናት፣ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ በግንባሩ ይወርዳል።

"አቤት፣ አለቀሰ!" አሉ ከሃዲዎቹ ከመንገዱ ዳር፣ አይባቸውን እየቆረሱ።