ጥይትና ፋንዲሻ

አጎቴ ሜስኪት ከተማ ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ መልሰው የሚሞሉበት፣ በእጅ የሚሠራ አሮጌ ማሽን ነበራቸው። ጥይት ከሱቅ በጠፋ ሰሞን ፍሪስኮ ከሚባል ሌላ ከተማ አንድ ወዳጃቸው መጣና፣ «ጋሼ፣ እኔም ማሽን ልገዛ ነው፤ በሰዓት ብዙ የሚያወጣው የቱ ነው?» አላቸው።

አጎቴ የማሽኗን ዘንግ በጨርቅ መጥረጋቸውን ሳያቆሙ፣ «ጥይት ነው ወይስ ፋንዲሻ የምትፈልገው? ባሩዱን በዓይንህ ሳታይ ከሞላህማ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው» አሉት። ከዚያ ወዲህ የቸኮለ ሰው ባዩ ቁጥር «መጣ ፋንዲሻው!» ይሉ ነበር።

አጎቴ ሲያርፉ ያ የፍሪስኮው ሰው ለለቅሶ መጣ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሳይቀመጥ ጋራዥ ገባ። ለቅሶ ደራሽ ሳይሆን ዕቃ ገምጋሚ ነበር የመጣብን። የማሽኗን እጀታ ሳብ አድርጎ፣ «ደርቃለች፤ ዘይት ስፕሬይ አድርጌባት ልውሰዳት፣ ኦኬ?» አለኝ። የተረጨ ዘይት የጥይቱን መለኮሻ አርሶ እንደሚያከሽፈው እንኳ አያውቅም።

«ማሽኗ የትም አትሄድም» አልኩት።

በማግስቱ ዘንጓን ጠርጌ፣ በጣቴ ጫፍ ጥቂት ዘይት ቀባኋት። እጀታዋ ያለ ድምፅ ወረደ። ዞር ስል ግን፣ «ይሄም ጠረግሁ ይላል! ድገመው!» የሚሉኝ አጎቴ የሉም።