በእበት የተለቀለቀው የአይጥ መንገድ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ፍኖተ ሰላም ሳይንስ ሳስተምር፣ በአንዲት አይጥ ምክንያት ክፍሌን ልነጠቅ ነበር።

ሳይንቲስቶች እንስሳት ቦታን እንዴት እንደሚለዩና እንደሚያስታውሱ የሚያጠኑበትን ዘዴ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ተምሬአለሁ። የተራበች አይጥ መታጠፊያው በበዛ መንገድ ይለቋታል፤ መጨረሻው ላይ ምግብ አለ። ስትመላለስ ስሕተቷ እየቀነሰ ከሄደ መንገዱን ተምራለች ማለት ነው። እኔም ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ በሰፊ ጣውላ ላይ ከጭቃና ከጭድ እንዲህ ያለ መንገድ ሠርቼ አንዲት አይጥ አለማመድኩበት። ጎተራውን አይጥ ያራቆተበት ገበሬ ሁሉ፣ እህል እየሰጠች አይጥ ታስተምራለች እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ዳይሬክተሩ ግን አልሳቁም። አይጧ የራሷን ሽታ ትከተላለች እንጂ ምንም አልተማረችም ብለው ጣውላውን ከትምህርት ቤት አስወጡት፤ እኔም ከነአይጧ ቤቴ ወሰድኩት። የኅዳር ጽዮን ማግስት ቤቴ መጥተው ሊያዩ፣ ካላሳመንኳቸው ሳይንሱን ለወንድ መምህር ሰጥተው እኔን የባልትና አስተማሪ ሊያደርጉኝ ቆረጡ። ባልትና ንቄ አይደለም። ሴት ስለሆንኩ ብቻ ወደዚያ ሲገፉኝ ግን ደሜ ፈላ።

በዋዜማው ከገበያ ስመለስ፣ እናቴ የቤቱን ወለል ስትለቀልቅ የአይጧንም መንገድ በትኩስ እበት ለቅልቃው አገኘሁ። ጉዴ ፈላ ብዬ ተቆጣሁ።

«ለማርያም ቤቱ ሁሉ ተለቅልቆ ያ ብቻ እንዳደፈ ይዋል?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ንዴቴ በረደ። የአይጧ ሽታ ከእበቱ ሥር ተቀብሯል። አሁን መንገዱን ካገኘችው በማስታወስ ብቻ ነው።

ከበዓሉ ማግስት ዳይሬክተሩ ፊት ለቀቅኳት። የምግቡ ሽታ መራት እንዳይሉ ምግቡን መጨረሻው ላይ ሳላኖር በእጄ ይዤዋለሁ። አይጧ እበቱን አሽትታ ቆመች፤ እኔም ፈራሁ። ከዚያ አንድም መታጠፊያ ሳትሳሳት መጨረሻው ደረሰች።

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው መንገዱን ካዩ በኋላ፣ ቢሆንም ለሴት ባልትናው ይሻላል አሉ።

«ጌታዬ፣ እሷ መንገዷ በእበት ተመርጎባት እንኳ አልጠፋትም» አልኳቸው። «እኔም የክፍሌን በር አውቀዋለሁ።»

በሳምንቱ መጀመሪያ ጣውላውን ተሸክሜ ገባሁ። በእኔ ቦታ የተመደቡት መምህር ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማስተማር ጀመርኩ። እሳቸውም ጥቂት ቆመው፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ።