ያልጮህኩባት መርፌ

ያልያዘኝን በሽታ ለጠፉብኝ። ሲሚንቶ የበላውን እጄን አይተው ቆማጣ ነህ አሉኝ፤ ከሥራዬም፣ ከሰውም፣ ከሚስቴም ለዩኝ። በደሉ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

የሲማዳ ገበሬ ነኝ። አንድ ዓመት ውርጭ ገብሴን ሲጨርሰው ሚስቴን ከቤት ትቼ ንፋስ መውጫ አካባቢ መንገድ ሥራ ገባሁ። ድልድይና የውሃ መውረጃ ነበር የምንሠራው። ሲሚንቶና አሸዋ በአካፋ እናቦካለን፤ አካፋ ሲያንስ በእጅ እንዝቃለን። የዚያ አገር ነፋስ ደግሞ ዱቄቱን እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። እጅ መጀመሪያ ያሳክካል፤ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ እየተላጠ ይነጣል። የሁላችንም እጅ የተላጠ ድንች ይመስል ነበር።

ጓንት አልነበረም ብል ይቀለኝ ነበር። ነበረ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሲባጎ ታስሮ ተሰቅሏል። ከበላይ እንግዳ ሲመጣ ይታደለናል፤ የእንግዳው መኪና ያስነሳው አቧራ ሳይረግብ መልሰው ይሰበስቡታል።

ከመካከላችን ጓንት ስጡኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። የንፋስ መውጫ ከተማ ሰው፣ ሙስሊም፣ የነጋዴ ዘር፤ እንደ እኛ እርፍ ጨብጦ ያላደገ። አሠሪያችን ካቦው ወገቡን ይዞ፣

«ጓንት? ምነው፣ እንሶስላ ሞቀሃል እንዴ?» አለው።

ሳቅን።

«እንሶስላ ቢሆንማ ያሳምረኝ ነበር» አለ ሰውየው። «ይሄ እየላጠኝ ነው።»

«የበጌምድር ወንድ መዳፉ ጓንቱ ነው! ወደ ሥራህ!»

ይህች ንግግር ለመንግሥት ስንት ጓንት እንዳተረፈችለት እንጃ። እኛ ግን እንደ ምርቃት ተቀበልናት።

በዚያ ክረምት ተቅማጥ ካምፑን መታው። ክረምቱ ሲወጣ፣ የሠራተኛው ጤና ይመርመር የሚል ትእዛዝ ከላይ ወረደ። ጓንቱን ከተሰቀለበት ማውረድ ለማንም አልታየውም፤ ድሬሰር ላኩልን። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሚባል ሰው ነው። ሜዳ ላይ አሰለፈን። ሸሚዝ አውልቅ፣ ምላስ አውጣ፣ እጅ ዘርጋ። እጁ የነጣበት ሰው ሲመጣ፣ የነጣው ላይ በመርፌ ይወጋዋል። ለምን እንደሚወጋ አልነገረንም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጓንት የጠየቀው ያ ሰው ከፊቴ ነበር። ገና መርፌዋ ስትነካው «ያ ረቢ! ገደለኝ!» ብሎ ዘለለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«እናትህን ጥራ!» ይለዋል አንዱ።

«ጡት አምጡለት!» ይላል ሌላው።

ድሬሰሩ «ደህና ነህ፣ እለፍ» አለው።

ተራው የእኔ ሆነ። ወጋኝ። አመመኝ፤ እስከ ብብቴ ተሰማኝ። ግን ከኋላዬ ያ ሁሉ ወንድ ቆሟል፤ የሚስቴ ወንድሞች ጎረቤት ሳይቀር አለበት።

«አመመህ?» አለኝ።

«ምኑ?»

ጠለቅ አድርጎ ደገመኝ። «አሁንስ?»

«ይቺን ነው መርፌ የምትላት? ይልቅ ማጭድ አምጣ!»

«እሰይ! ወንድ!» አሉ ከኋላዬ። ካቦው አጨበጨበ። ድሬሰሩ ብቻ አልሳቀም። እጄን ለቀቀ፤ የራሱን እጅ በሱሪው ጠረገ፤ ወደ ካምፑ ኃላፊ ዞሮ፣

«አይሰማውም። ሥጋ ደዌ ነው» አለ።

ሥጋ ደዌ የተማረ ሰው ቃል ነው። ሰልፉ ወዲያው ወደ እኛ አማርኛ መለሰው፤ «ቁምጥና» ሲባል ሰማሁ። ሰው እግሩን ሳያነሳ ወደ ኋላ ሲሄድ ያን ቀን አየሁ። ሜዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

«ኧረ ተሰምቶኛል! አሞኛል!» አልኩ።

«አሁን ነው የደረሰህ?» አለ ካቦው። ማንም አልሳቀም።

ለምን አልጮህክም የሚሉኝ እስከ ዛሬ አሉ። ወንድን ራቁቱን ወንድ መካከል አቁሞ፣ ወግቶ፣ አመመህ ወይ ማለት ምርመራ ነው? ከልጅነቴ የተማርኩት አንድ ትምህርት ቢኖር አለመጮህ ነው። ያን ድሬሰሩም ያውቃል፤ የዚያው አገር ሰው ነው።

አሮጌው የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል።

«መኪና እስኪገኝ ነው» አለኝ ኃላፊው ከሩቅ ቆሞ። «ወደ በሽታው ሆስፒታል ትላካለህ። እስከዚያ ለሌላው ሠራተኛ ጤና ሲባል አትወጣም፣ ጓድ።»

ምንሽር የያዘ ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ። መኪናው ዛሬ በርሜል ይጭናል፤ ነገ ካድሬ ይጭናል፤ ለእኔ ቦታ አልተገኘለትም። ልሥራ ስል በሽተኛ ነህ፤ ልሂድ ስል ትእዛዝ የለም፤ መርምሩኝ ስል ተመርምረሃል። ምግቤን ደጃፍ ላይ አኑረው በረጅም እንጨት ይገፉልኛል። ውሻን እንኳ ሲያበሉት «እንካ» ይሉታል።

ፊደል የለየሁት እዚያ ነው። መሠረተ ትምህርት ካምፑ ውስጥ ጀምሬ ነበር፤ ጢም ካወጣሁ፣ ጎጆ ከወጣሁ በኋላ። ቁምጥናው ሲነገር መምህሩ የያዝኳትን እርሳስ መልስ አላለኝም፤ «እዚያው ያዛት» አለኝ። እኔ ጅሉ ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩት። እናም ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እየዘረጋሁ፣ የተጻፈበትን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ዋልኩ። መጀመሪያ አሟልቼ ያነበብኩት «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚል ነው። ሲሚንቶውን ማለታቸው ነው። ሰውን ከሲሚንቶው ጠብቁት የሚል ግን ከረጢቱን ገልብጬም አላገኘሁ።

ወደ እኔ የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ በመርፌዋ የጮኸው ባልንጀራዬ። ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ከአንድ ጨርቅ እንበላለን።

«አትፈራም?» አልኩት።

«ሥጋችሁን አልበላም እንጂ ቆሎው ምን አደረገኝ?» አለኝ።

የአገር ቤቱን ወሬ ያመጣልኝም እሱ ነው። የእኛው ወረዳ የወገዳ ገበያተኛ ነገሩን መንደሬ አድርሶታል። የሚስቴ ወንድሞች፣ እህታችን ከቆማጣ ጎጆ አታድርም፤ ለአስተርእዮ ማርያም ሰው በተሰበሰበበት እናፋታታለን ብለዋል።

«እሷስ?»

«እሷማ፣ አፉ የት ሄዶ ነው፣ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብላለች አሉ።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረሳሁ። ገብሱን ውርጭ ወስዶታል፤ ሥራውን ወስደውብኛል፤ የቀረችኝ እሷ ናት። ከመጋዘኑ በር እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ በሩ እመላለሳለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱ ሲወርድ እልልታውን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማሁት። ለአስተርእዮ ዐሥር ቀን ያህል ቀረ።

«አጎቴ ነገ በመኪናው ምስር ጭኖ ደብረ ታቦር ይወርዳል» አለኝ ባልንጀራዬ ከጥምቀት በኋላ። «እዚያ ደንበኛ ሐኪም አለ። ለአጎቴ ነግሬዋለሁ፤ አላህ ካልጻፈው አይነካኝም ብሏል። ከዚህ እንዴት እንደምትወጣ ግን፣ ወንድም ዓለም፣ እኔ እንጃ።»

እኔም እንጃ ነበርኩ። በማግስቱ ጧት በሩን ገፍቼ ወጣሁ።

«ቁም! እመታሃለሁ!» አለ ጠባቂው፤ ምንሽሩን አቀባበለ።

እጄን ዘረጋሁለት። «ና ያዘኝ» አልኩት።

አንድ እርምጃ ስራመድ አንድ እርምጃ ሸሸ። «ኧረ ባክህ፣ የልጆች አባት ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ዞር በል።»

ዞረ። እነሱው በሠሩልኝ ቁምጥና ከነሱው አመለጥኩ።

አጎትዬው ከካምፑ ውጭ የጭነት መኪናው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «አላህ ካልጻፈው አይነካኝም፤ ገዢ ካየህ ግን ምስሬን ማንም አይገዛኝም። ሸራው ሥር ግባ» አለኝ። ደብረ ታቦር እስክንደርስ ከሸራው ሥር ምስር ላይ ተጋድሜ ነው የሄድኩት። ከአንዱ እስር ወደ ሌላው።

የደብረ ታቦሩ ሐኪም ዓይኔን በጨርቅ ሸፈነው። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። «ሲነካህ ንገረኝ» ብሎ በጥጥ ነካካኝ፤ አንዱም አላመለጠኝም። በመርፌ ጫፍ ሞከረኝ። ክርኔ ላይና ጆሮዬ ሥር ያለውን ጅማት ዳሰሰኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ።»

«በባዶ እጅ?»

«በምን ላድርገው?»

ጨርቁን አነሳልኝ። «የበላህ ሲሚንቶው ነው። ቁምጥና የለብህም። ያኔ ሲወጉህ ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው ነበረ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ቅባትና ወረቀት ሰጠኝ።

ወረቀቱን ይዤ በሌላ ጭነት መኪና ካምፑ ተመለስኩ። ኃላፊው አነበበው፤ አጥፎ መለሰልኝ። «ጥሩ፣ ጤነኛ ነህ። ቦታህ ላይ ግን ሰው ተተክቷል። ደግሞ ሲሚንቶ አቃጠለኝ እያልክ ሠራተኛውን እንዳታሳምፅ» አለኝ። ስወጣ የግምጃ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ጓንቱ እንደተሰቀለ ነው።

ወደ ሲማዳ በእግሬ ገሰገስኩ። ስደርስ አስተርእዮ ማርያም ነው። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ደጄ ላይ ተሰብስቧል፤ ወንድሞቿም፣ የነፍስ አባታችንም አሉ። የሚስቴ ዕቃ ታስሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። በዓል ባይሆን አህያውም በተጫነ። ሲያዩኝ የሜዳው ነገር ተደገመ፤ ሁሉም ሳይራመድ ራቀ።

«እዚያው ቁም!» አለኝ ታላቅ ወንድሟ።

«ሐኪም አይቶኛል። አባ፣ ይቺን ያንብቡልኝ» አልኩ።

የነፍስ አባቴ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ገለባበጡት። «ልጄ፣ ይህ የፈረንጅ ፊደል ነው። የእኛ ቢሆን በወደድኩ» አሉ። እኔም የለየሁት የእኛን ነው። ያ ሁሉ ከረጢት ለዚያች ቀን አልጠቀመኝም።

«ይኸው፣ የሚነበብ ወረቀትም የለውም» አለ ወንድሟ።

ሚስቴ ያን ጊዜ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከታሰረው ዕቃዋ ላይ፣ ጅምር ስፌቷ ውስጥ ተሰክታ የነበረችውን ወስፌ መዘዘች።

«ምነው ልጄ፣ በማርያም ቀን ወስፌ?» አሏት አባ።

«ልሰፋ አይደለም አባ፤ ልጠይቅበት ነው።»

ቀጥ ብላ መጣች። አንድ እርምጃ እንኳ ከፊቴ አልራቀችም። እጄን ይዛ «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ። ጨፈንኩ። ወጋችኝ፤ ከድሬሰሩ አብልጣ ወጋችኝ። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ኧረ እናቴን! ገደለችኝ!»

ውሾቹ ጮኹ፤ ከማዶ ያሉት ከየጎጆው ወጡ። ለወስፌዋ ብቻ አልነበረም የጮህኩት፤ ለዚያች መርፌም ጭምር ነው። አንዱ ጎረቤት ሳቁን ለቀቀው፤ ሌላው ተከተለው፤ «ጡት አምጡለት!» ያለም አለ። ይሳቁ።

«ያመዋል» አለች ለወንድሞቿ። «ዕቃዬን ወደ ቤት መልሱ።»

ታላቅ ወንድሟ እያጉረመረመ አነሳው። እሷ ሰው እያየ ደሜን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ካምፑ እስከ ዛሬ ተሳስተናል አላለኝም። ነገሩ ያለቀው እዚያው ደጄ ላይ ነው፤ ጥር 21 ቀን 1974 ዓ.ም.።