ከላሟ ጀምሩ

በአብዮቱ ጊዜ ጥበቃዎች የወሰዱኝ ከሥራ ላይ ነው፤ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበርኩ። አካፋዬን ለባልደረባዬ እስክሰጥ ታግሠውኛል፤ ይህን አልክድም። ያስገቡኝ እዚሁ አቃቂ፣ ከጣቢያው ብዙም ከማይርቅ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የከረመ የጤፍ ብናኝና የሰው ላብ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ሰሌኑን አካፈለኝ።

ያ ሰው የታሪክ መምህር ነበር። በዕድሜ ያንሰኛል። ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ሲያልፍ መጋዘኑ ይንቀጠቀጥና ከጣሪያው አቧራ ይራገፍብናል። አቧራው ሲያርፍ መምህሩ ማስተማር ይጀምራል። ያን ሰሞን የያዘው የጥንት ሕንዶችንና የጥንት ግብፆችን ማወዳደር ነበር። እሱንም ተማሪ ሳለ ያስተማረው ሕንዳዊ ነው።

ግብፆቹ ነገራቸውን ሁሉ ድንጋይ ላይ ቀረጹት፤ ለሞተ ንጉሥ ተራራ የሚያህል መቃብር ሠሩ አለን። እነዚያ የጥንት ሕንዶች ግን ቤተ መቅደስም ጽሕፈትም አልነበራቸውም። ከብት ይነዳሉ፣ ፈረስ ይጠምዳሉ፣ እሳት አንድደው ቅቤ ያፈሱበታል። ጸሎታቸውን አባት ለልጁ በቃሉ ያወርሰዋል፤ አንዲት ድምፅ እንዳትዛነፍ ወደፊትም ወደኋላም ያስጠናዋል። ጦርነት ሲሉ እንኳ ላም ፍለጋ እንደ ማለት ነው አለ።

ከፊቴ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ የዚሁ የአቃቂ ዙሪያ ሰው። የታሰሩት በሬዎቼን ለገበሬ ማኅበር አላስረክብም ብለው ነው። ይህን ሲሰሙ፣ “እነዚህስ ዘመዶቼ ናቸው” አሉ። ሳቅን።

ወረቀትና እርሳስ ክልክል ነበር፤ የተገኘበት ይወሰዳል። ስለዚህ መምህሩ እኛም እንደ ሕንዶቹ በቃላችን እንያዝ አለ። አዲሱ ሳይጀመር የትናንቱን እያንዳንዳችን በቃላችን እንለዋለን። ፊደል የማያውቁት ሽማግሌ አንድ ሳያስቀሩ ያወርዱታል። እኔ ግን ይምታታብኛል።

“አንተ ልጅ፣ ላሞቼን ለፈርዖን ሰጠሃቸው?” ይሉኛል።

ይሄ ቆረቆረኝ። እኔ እኮ በዚያው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ የምስክር ወረቀት አለኝ። ፊደል የቆጠረ ሰው ባልቆጠረ እንዴት ይበለጣል ብዬ ተናደድኩ። ከጆንያ መሐል ያገኘኋት የእርሳስ ቁራጭ ነበረችኝ። በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ በአንድ ወገን ላም፣ ፈረስ፣ እሳት፣ ቃል ብዬ ጻፍኩ፤ በሌላው ድንጋይ፣ ወንዝ፣ ንጉሥ፣ መቃብር። ከሰሌኑ ሥር፣ በእኔና በመምህሩ መሐል ሸሸግኳት። ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍተሻ መጣ። ጠባቂው ሰሌኑን ገለጠ። ወረቀቷን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አነበበ።

“ንጉሥ። መቃብር። እሳት። ማንን ልታቃጥሉ ነው? የማን ነው ይሄ?”

ጉልበቴ ላይ ያለችውን የሱሪዬን መጣፊያ አይ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። መምህሩ ወረቀቷን አየ፤ እኔን አላየኝም።

“የእኔ ነው” አለ።

ጠባቂው ወረቀቷን አገላበጣት። “መምህር ነኝ ብለህ ጽሕፈትህ ይሄ ነው?”

“በጨለማ ስለ ጻፍኩት ነው። ይቅርታ።”

ጠባቂው ውጣ ሲለው መምህሩ ጋቢውን አራት እጥፍ አድርጎ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክሎ ፊቴ አስቀመጠው። በሩ ላይ ሲደርስ ወደኛ ዞረ።

“ዛሬ ከላሟ ጀምሩ” አለን።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩ አለፈ፤ አቧራው ወርዶ አረፈ። ኋላ ሽማግሌው እኔን ብቻ እያዩ፣ “እንግዲህ ጀምር” አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉኝ፤ ቁጣ የለበትም። ተነሥቼ ቆምኩና ከላሟ ጀምሬ እስከ መቃብሩ አወረድኩት። ያን ቀን አንድም አልሳትኩም።

መምህሩ አልተመለሰም። የት እንዳደረሱትም የነገረን የለም።

ስፈታ ጋቢውን አሳጥቤ ለእናቱ ወሰድኩላቸው። ልጅዎ አውሶኝ ነው አልኳቸው። ጋቢውን አሽትተው ታቀፉት፤ እኔንም መረቁኝ። እህል ውኃ አቅርበው እንዴት እንደ ተወሰደ ጠየቁኝ። በፍተሻ ነው ብቻ አልኳቸው። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር መንገዱን አቋርጬ በማዶ እሄድ ነበር።

አሁን ባቡሩ አይመጣም፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው ወደ ኮዬ ፈጬ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሰዓቷ ስትደርስ አፌ በራሱ ላም፣ ፈረስ፣ እሳት ይላል። ልጆቼ ዳዊት የምደግም ይመስላቸዋል።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ጽሕፈቴ በብርሃንም ያው ነው፤ አልተሻሻለም። ያቺ ወረቀት የእኔ ነበረች።