የአባቴ ታጣፊ መከለያ

አባቴ ውሃ መጠጣት ያቆመው ስላልጠማው አልነበረም። ሰው ባለበት መሽናት ስለሚያፍር ነው። ይህን እስክረዳ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከተረዳሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ቤታችን ቦንጋ ዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች አንዱ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ጠባብ ጓዳ። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው በኋላ ጓዳው ውስጥ እሱን ማገላበጥ ስላልተቻለ አልጋውን አውጥተን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ዘረጋንለት። ሳሎኑ ደግሞ የጠያቂ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በግብርና ቢሮ ሲሠራ ያልረገጠው ቀበሌ የለም፤ ስለዚህ የሚጠይቀውም ሰው ማለቂያ አልነበረውም። የቢሮ ሰዎች ጠዋት ፊርማ ሳይፈርሙ ብቅ ይላሉ፣ የሺሺንዳ ገበሬዎች ለገበያ በመጡበት ይገባሉ፣ ጎረቤት ደግሞ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ማንም ደውሎ አይመጣም። በሽተኛ ሊጠይቅ የሚደውል ሰው አይቼም አላውቅ።

እና ሊጠይቅ የመጣን ሰው «አንዴ ውጡልን» እንዴት ይባላል? እናቴ አንድ ቀን አፍራ፣ ተቅለስልሳ ሞከረችው። ሁሉም ተነሥተው ወጡና ዶፍ ዝናብ ላይ ቆሙ። አባቴ በመስኮቱ አያቸውና «ሰው ዝናብ ላይ አቁሜ!» ብሎ ጭራሽ እምቢ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ሲቀርብለት ከንፈሩን ብቻ አርሶ ይመልሰዋል።

ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ሽንቱን ካየች በኋላ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊትዎ ይጎዳል። መጠጣት አለብዎት» አለችው። እሱም እንደ ጥሩ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። እሷ እንደወጣች ብርጭቆውን ሰጠሁት፤ «አልጠማኝም» አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር።

አንሶላ ሞክረናል። በሲባጎ አልጋው ዙሪያ ዘረጋነው፤ መስኮቱ ግን ከበስተኋላ ስለሆነ ብርሃኑ ሁሉንም ነገር ጥላ አድርጎ አንሶላው ላይ አወጣው። አንድ ጠያቂ ሳያስበው ቀና ብሎ አየና ቶሎ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አባቴ ያንን አየ። የሚያስፈልገን ብርሃን የማያሳልፍ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ሲፈለግ ደግሞ ከሰው መሀል የሚጠፋ ነገር ነበር። በዚያ ላይ በአንድ እጅ መከፈት አለበት፤ ሌላው እጄ አባቴን ይዟል።

እኔ አርክቴክቸር ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ መምህር ከወረቀት እጥፋት ጣሪያና ጥላ እንዴት እንደሚወጣ አሳይተውን ነበር። እኔ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ አውሮፕላን እየሠራሁ ለጓደኞቼ ስወረውር ዋልኩ። አሁን ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ አፍጥጬ እያንዳንዷን እጥፋት ከቪዲዮ እለቅም ጀመር። እናቴ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿ ያለቀላቸው የፈተና ወረቀቶች ሁሉ በእኔ እጅ ታጥፈው አለቁ።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ወደ ላይ የሚታጠፈውን መስመር ተራራ፣ ወደ ታች የሚታጠፈውን ሸለቆ ይሉታል። ተራራና ሸለቆ በዚግዛግ ሲፈራረቁ አንሶላ የሚያህለው ወረቀት ሰብሰብ ብሎ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉን ስትጎትተው ደግሞ በአንዴ ይዘረጋል። አንድ መስመር ከተሳሳተ ግን መሀል ላይ ይታነቃል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነበር። ከተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ፤ እናቴ «አንተ ደግሞ ሳይዘንብ የምትበሰብስ» ትለኛለች። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ መከለያው ግማሹ ተከፍቶ፣ ግማሹ ተጣብቆ፣ አባቴ ራቁቱን፣ የሰው ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነው።

ወረቀት ውፍረት የለውም፤ ካርቶን አለው። ከሱቅ የለመንኩትን የፓስታ ካርቶን በወረቀቱ ልክ ባጥፈው እርስ በርሱ እየተጋፋ መታጠፊያው ላይ ተቀደደ። ከብዙ ብልሽት በኋላ ካርቶኑን ቆራርጬ ጨርቅ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ፤ በየቁራጩ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቼ። የሚታጠፈው ጨርቁ ሆነ፤ ካርቶኑ ለመቆሚያ ብቻ። ደስታዬ አንድ ቀን ነው የቆየው። የቦንጋ ክረምት ግድግዳውንም ልብሱንም ያርሳል፤ በማግሥቱ ስነሣ መከለያዬ እንደ ራሰ ዳቦ ተልፈስፍሶ ወገቡ ላይ ተጣጥፎ ወድቋል። አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም። አባቴ ከአልጋው ሆኖ ያየኛል፤ ሽንቱ ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ ነው፤ እኔ ካርቶን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ሆስፒታል ተኝቶ በቱቦ መሽናት ከመጣ እንደማይችለው አውቅ ነበር።

እንደገና ቆረጥኩ። እያንዳንዱን ቁራጭ ኮላ ደጋግሜ ቀብቼ ከከሰል ምድጃው አጠገብ እያገላበጥኩ አደረቅሁት፤ ኮላው ሲደርቅ ካርቶኑ እንደ ጣውላ ጠነከረ። ሳሎኑ ጨለማ ስለሆነ እንዲያበራው ብዬ ከላይ በሙሉ ነጭ አቡጀዴ አለበስኩት። የተማርኩት ሙያ ነጭ ንጹሕ ነው፣ ክፍል ያሰፋል ይላል። አልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ሰካሁትና ጎተትኩት፤ ታዘዘ። ገፋሁት፤ ተሰበሰበ። ደግሜ፣ ደጋግሜ ጎተትኩት። ሲታዘዝልኝ ደግሞ «ለዛሬ ነው እንጂ» እያልኩ እፈራለሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው እሑድ ቀን ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም፤ ሳሎኑ ውስጥ ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። አባቴ አሁንም አልጠጣም ብሏል፤ እኔም ላለማምደው ብዬ ሸሚዝ ልቀይርለት ተነሣሁ። መከለያውን በአንድ እጄ ሳብኩት፤ እየተንሿሿ አልጋውን ዞረና ቆመ። ጥላ የለም፣ ቀዳዳ የለም። አባቴ ግን ሰውነቱን ገትሮ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች በጨዋ ደንብ ድምፃቸውን አጥፍተው አቀርቅረዋል።

የአባቴ ታናሽ እህት ዋጫ ነው የምትኖረው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ መንገዱ እየተበላሸ መጥታ አላየችውም ነበር፤ አንድ ሰው «ጠንቶበታል» ብሎ ስለደወለላት ባገኘችው መኪና ተሳፍራ በዚያው ሰዓት ደረሰች። በሩን ስትገፋ ያየችው ያቀረቀረ ሰው፣ ዝም ያለ ቤት፣ አልጋውን የከበበ ነጭ አቡጀዴ ነው። በአገሩ አቡጀዴ ለምን እንደሚገዛ፣ ሬሳ በምን እንደሚገነዝ የረሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ፣ ሳልደርስልህ!»

ጩኸቷ የቤቱን ቆርቆሮ አናወጠው። «ኧረ አለ! ኧረ አለ!» የሚላትን ማን ይስማ፤ ደረቷን ትመታለች። ለቅሶ የሰማ ጎረቤት ደግሞ አይጠይቅም፣ ይሮጣል። ከመከለያው ጀርባ የአባቴን ክንድ ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰውዬው የገዛ ልቅሶውን በጆሮው እየሰማ ነው፤ ያሰማሁት እኔ ነኝ። መከለያው ቢታነቅስ እያልኩ ገፋሁት። በአንዴ ተሰበሰበ።

አባቴ ሸሚዙ ግማሹ ተቆልፎ፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን እንደተጣመመ አያት። እሷም አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ወንድሟ ላይ ተደፍታ እየሳመችው ሌላ ዓይነት ልቅሶ አለቀሰች፤ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ልጅ! ወንድሜን ከነነፍሱ ገነዝከው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሩጫ የመጡት በር ላይ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይስቃሉ፤ ኮረሪማ የሚነግዱት ጎረቤታችንማ ምሰሶውን ይዘው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አቃጥለዋለሁ፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ» እያልኩ መከለያውን ከግድግዳው መንቀል ጀመርኩ።

«ተወው» አለ አባቴ። ምላሱ ስለሚከብደው እያንዳንዱን ቃል ገፍቶ ነው የሚያወጣው። ቤቱን የሞላውን ሰው ሁሉ በዓይኑ ዞረው። ከዚያ ደኅናውን እጁን ዘረጋ። «ውሃ።»

አክስቴ ናት ያጠጣችው። ብርጭቆውን ጨለጠው፤ ደገመችው። እኔ ግን ጭንቀቴ ባሰ። በሩጫ የመጣ ሰው ከመጣ አይቀር ሳይጠይቅ አይሄድም፤ ተቀምጠዋል፣ ቤቱ እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ አባቴ አየኝ። አገጩን ወደ መከለያው አነሣ።

ሳብኩት። ሰው ሁሉ ገባው፤ ዝም አለ። የሽንት ዕቃዋን ክዳን ስከፍት ድምፁ ቤቱን የሞላው መሰለኝ። ሌላ ጊዜ በሆነ ባልሆነው ቆርቆሮውን የሚደበድበው የቦንጋ ዝናብ ያን ዕለት ጠብ አላለም። አባቴ ጡንቻው ሁሉ ተኮማትሮ ሲጠብቅ እጄ ላይ ይሰማኛል። አሁን ካቃተው ዳግመኛ አይጠጣም።

ያኔ አክስቴ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ዋጫ መንገድ ማውራት ጀመረች፤ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጮኽ ሰው ጮክ ብላ። ጎረቤታችን ከእሷ በላይ ጮኸው ስለ ኮረሪማ ዋጋ ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ መብራቱ፤ የሚናገር እንጂ የሚሰማ አልነበረም። የአባቴ ክንድ እጄ ውስጥ ቀስ እያለ ላላ። ድምፁን እኔ ራሴ አልሰማሁትም፤ ዕቃዋ እጄ ላይ ስትከብድ ብቻ ነው ያወቅሁት።

«መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ መስኮቱ ገባ!» ትላለች አክስቴ ወዲያ ማዶ።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እንደተኛ፣ ያችን የከበደች ምላሱን አንሥቶ በተቻለው ሁሉ ጮኸ።

«ታጋንናለች! አትመኗት!»