ሐሙስ ሐሙስ በሮቢ ወንዝ ዳር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ቀይና ነጭ የተቀባ እንጨት አሳየኝ። ሮቢ ወንዝ ውስጥ፣ ድልድዩ አጠገብ ተተክሏል። ጠዋትና ማታ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር እንድጽፍ በአስተርጓሚ አዘዘኝ። ከወረራው በፊት አስተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤታችን ተዘግቷል። ለጠላት መሥራት ቢያሳፍረኝም የማበላቸው ልጆች ነበሩኝ።

አንድ ቀን ሁለት የሰፈር አስተማሪዎች መጡ፤ ፊደል የሚያስቆጥሩት የኔታ ወልደ ሰንበትና ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ ዑመር። ስለካ አይተውኝ ኖሮ፣ ውሃ መለካት ለልጆች ምን ይጠቅማል አሉኝ። ወደ ወንዙ ይዣቸው ወረድኩ።

ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቀዳን፤ አንዱን ከታረሰ ተዳፋት ከሚወርድ ጅረት፣ ሌላውን ዛፉ ካልተመነጠረ ሸለቆ። ጥላ ሥር አስቀምጠን ጠበቅን። በመጀመሪያው ሦስት ጣት ጭቃ ዘቀጠ፤ በሁለተኛው ግማሽ ጣት አይሞላም። የኔታ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንስተው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት።

"እዚህ ውስጥ ያለው የኔ ማሳ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ እንገናኝ ነበር። የእንጨቱን ቁጥር አንብቦ መጻፍን፣ በተቋጠረ ገመድ ርቀት መለካትን፣ ቅጠል ውሃ ላይ ጥሎ እየቆጠሩ ፍጥነቱን ማወቅን አሳየኋቸው። እነሱም ለተማሪዎቻቸው ያሳያሉ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሥራ ዘመኔ ብዙ አላገኘሁም።

በክረምት አንድ ወታደር ሼህ ዑመርን ቁጥር ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ያዛቸው። ወንዙ መቼ እንደሚያሻግር ለአርበኞች ያስታውቃሉ ተባለ። ይህ የሚያሰቅል ክስ ነው። ሼህ ዑመር ሲጠየቁ የኔን ስም አላነሱም።

መሐንዲሱ ዘንድ ሄጄ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ አልኩት። ማን ፈቀደልህ አለኝ። ማንም አልኩ።

ወረቀታቸውን ከኔ ደብተር ጋር አስተያየ። ቁጥሮቹ ተመሳሰሉ። እሳቸው ግን የውሃውን መልክም ጽፈዋል። አስጠርቷቸው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ደብረ ሲና በኩል ሲዘንብ ውሃው አስቀድሞ እንደሚቀላ፣ በቀትሩ ሶላት በዙሁር ከቀላ የከሰዓቱ ሶላት አሱር ሳይደርስ እንደሚሞላ ነገሩት። እኔም እሱም ይህን ልብ አላልንም ነበር። ወረቀቱ ለትምህርት እንደተጻፈ አምኖ እሳቸውን አስለቀቀ፤ እኔን ግን ያለ ፈቃድ በማስተማሬ ያን ቀን ከሥራ አባረረኝ።

መንገድ ላይ ሼህ ዑመር ተቆጡኝ። "እኔ አርጅቻለሁ፤ አንተ የልጆች አባት ነህ፤ ለምን መጣህ?"

"እርስዎ ከሌሉ ሐሙስ ማን ይመጣል?" አልኳቸው።

ጠላት ከወጣ በኋላ ብዙ መምህራን አሠልጥኛለሁ፤ የተሻለ መሣሪያም ይዤ። እንደ ሁለቱ ያሉ ግን ዛሬም ይናፍቁኛል። ከነሱ ያገኘሁት ይህ ነው፤ መምህር በእጁ ያልለካውን ለተማሪው ማስለካት አይችልም።