ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጥንት ሰዎች መንደር የት እንደነበር በኮምፒውተር አጠና ነበር። ፕሮግራሙ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አስልቶ፣ ከአካባቢው የውሃ ምንጭ ተነስቶ እግር የማይደክምበትን መንገድ በቀይ መስመር ያወጣል። መስመሩ የሚያልቅበት ጉብታ ላይ መንደር ነበር አልኩ። ጉብታው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ከተወለድኩበት ቤት ብዙም አይርቅም። አማካሪዬን ከአዲስ አበባ ይዤ፣ ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ደረቴን ነፍቼ እናቴ ቤት ገባሁ።

እናቴ መስመሩን አየችና፣ «በዚህማ ውሃ ይዞ የሚወጣ የለም፣ ልጄ። እኛ በጉብታው ወገብ ዞረን ነው የምንወጣው፤ የሸክላ ገሉም የሞላው እዚያ ነው» አለች። ጉብታው ላይ ስላለው የድንጋይ ክምር ስነግራት ደግሞ፣ «እሱንማ አባትህ ነው ከማሳው ለቅሞ የከመረው» አለችኝ።

አማካሪዬ ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። «ይተዉት፣ አልተማረችም» አልኳቸው፣ እዚያው ፊቷ። ዛሬም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ «አላህ ያግዛችሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ በቀዩ መስመር ወርደን ወጣን፤ አልከበደንም። የአባቴን ክምር የጥንት ቤት ግድግዳ ነው ብዬ ጻፍኩ። ተመረቅኩም።

በሚቀጥለው በጋ የቧንቧ ውሃ ጠፋ። እናቴን ጉልበቷን አሟት ስለነበር ጀሪካኑን ይዤ ወደ ምንጩ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሞልቼ በራሴ መስመር መውጣት ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ እግሬ ከዳኝ፤ ከውሃው ግማሹን ደፋሁት። ኮምፒውተሩ መንገዱን ያሰላለት ሰው ምንም እንዳልተሸከመ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ በጀርባዋ ባመጣችው ውሃ አድጌ ሸክምን ረሳሁ!

በእሷ መንገድ ዞርኩ። ወገቡ ላይ፣ ሴቶቹ ሸክማቸውን በሚያሳርፉበት ሜዳ፣ የሸክላው ስብርባሪ ከእግሬ ስር ይንኮሻኮሻል፤ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። መንደሩ እዚያ ነበር።

ለአማካሪዬ ደውዬ ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። ለዲግሪዬ ሰጋሁ፤ አልደወልኩም።

ቤት ስደርስ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ልጇ ሳዑዲ ያለችው ሴትዮ፣ «ልጅሽ ምኑን ነው የተማረው?» ብላ እናቴን ትጠይቃታለች።

«የድሮ ሰዎች የት ይኖሩ እንደነበር ያገኘው እሱ ነው፤ ማሻ አላህ!» አለች እናቴ። «እኔማ ዕድሜ ልኬን ስመላለስበት አላወቅኩም።»

ጀሪካኑን አስቀመጥኩና፣ «አዎ» አልኩ።